ሰባት ብልቃጥ ዘር

እሑድ ከሰዓት በኋላ
ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን

ለወንድሜ፣

ጤናህን ሳልጠይቅ ብጀምር ቅር አይበልህ። ደህና እንደሆንክ አውቃለሁ፤ የታመመ ሰው ስልክ ያነሳል። ባለፈው እሑድ ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ከዚያ «እትዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል መልእክት ላክህ። እሑድ ጠዋት የምን ስብሰባ ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል መድኃኒት መጋዘን የጠበቅኩ ሴት ነኝ፤ «ኪኒኑ ራሱ ነው የጎደለው» የሚሉኝን ስሰማ ኖሬ አንተ በስብሰባ ታታልለኛለህ? ስለዚህ በወረቀት መጻፍ መረጥኩ። ወረቀት ቢያንስ ጆሮዬ ላይ አይዘጋም።

ከዚህ ደብዳቤ በፊት ወይም በኋላ፣ ሊቀመንበር ሆነህ ከተውከው የአገር በቀል ተክል ማኅበርህ አንድ ደብዳቤ ይደርስሃል። የጻፈችው ጸሐፊያችን፣ የሒሳብ አስተማሪዋ ናት። ዘጠኝ ነጥብ አለው፤ ከአንድ እስከ ስምንት ስድብ ነው፣ ዘጠነኛው ሰላምታ። መልስ አትስጣት። እዚያ ላይ የተጻፈብህ ሁሉ የኔ ጥፋት ነው። እንዴት እንደሆነ አሁን እነግርሃለሁ፤ እንደ አንተ በሁለት መስመር ስለማልጨርስ ግን ቁጭ በል።

ስትሄድ ምን ነበር ያልከኝ? «ለአንድ ዓመት ነው እትዬ፤ አንቺ ዘሮቹን ብቻ ከእርጥበት ጠብቂልኝ።» ይኸው አራተኛ ዓመታችን። ዘር ጠባቂ አድርገህ የተውካት እህትህ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጓንት አጥልቃ፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ዳገት ላይ ተንበርክካ፣ መጤ ሐረግ ትነቅላለች። አንዱን ስትነቅል ሦስት ይተካል። ከጀሪካን ፕላስቲክ የተክል ስም መጻፊያ ምልክት ትቆርጣለች። ለትምህርት ቤት ልጆች «ይህ አገር በቀል ነው፣ ይህ መጤ ነው» እያለች ታስተምራለች፤ ልጆቹም የሚነቀለውን ትተው የሚጠበቀውን ይነቅሉላታል። እኔ እኮ አበባ እንኳን አልወድም። ይህን ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ።

ሰዎችህም እንደተውካቸው ናቸው። ጡረታ የወጣው የባቡር ሹፌር፣ ሁላችንም ባቡሩ የምንለው፣ ዛሬም ንግግር ከጀመረ የመጨረሻው ጣቢያ ሳይደርስ አይቆምም። ጥርስ ሐኪሙ ለፎቶ ይመጣል፤ በአራት ዓመት ጓንቱ ነጭነቱን አልለቀቀም። አስተማሪዋ ተክል በላቲን ስሙ ካልተጠራ ጆሮ አትሰጥም። ባለፈው ስብሰባ የማኅበሩ አርማ ላይ ያለው ቅጠል ወደ ቀኝ ይዘንበል ወደ ግራ ተብሎ ሁለት ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ቀጥ ብሎ ይቁም ተባለ። ይኼ ነው እንግዲህ አንተ «ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ይንከባከቡሻል» ያልከኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ዳገቱን ማዘጋጃ ቤቱ የሰጠን ለአራት ዓመት ነበር፤ አሁን ጊዜው አልቋል። ለማደስ ባለፈው ሐሙስ የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ መጥታ እንድታይ ተቀጠረ። ዳገቱን የሚፈልገው ሌላ ሰው መጥቷል፤ ዋናው መንገድ ላይ አበባ የሚሸጠው ሰውዬ። ከውጭ የመጣ ሣር ምንጣፍ አነጥፍበታለሁ፣ ሐምራዊ አጥር እተክላለሁ፣ ፏፏቴ እሠራለሁ ብሎ በቀለም ያሸበረቀ ሥዕል አስገብቷል። የኛ ማመልከቻ ሥዕል የለውም። የኛ ሰንጠረዥ ነው፦ የምንዘራው ምን እንደሆነ፣ ዘሩ የተለቀመበት ቦታ፣ ቀኑ፣ የለቃሚው ስም። ያ ሰንጠረዥ ካልተሞላ ዳገቱ የፏፏቴው ነው። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ ጉልበቴ፣ ባዶ።

ዘሮቹ ደግሞ የት ነበሩ? አልጋህ ሥር በጫማ ካርቶን። ስልሳ አራት ጥቅል ቆጠርኩ። አንዱ በመብራት ደረሰኝ የተጠቀለለ፣ አንዱ በተማሪ ፈተና ወረቀት፣ አንዱ በሲጋራ ብር ወረቀት። ከሦስት ወር በፊት ከፈት ባደርገው ነቀዝ ገብቷል። እኔ ነቀዝ አይቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ሁሉንም አራገፍኩ፣ አበጠርኩ፣ ዓይነቱን በዓይነቱ ለየሁ። ሰባት የማርማላታ ብልቃጥ አጥቤ አድርቄ ሞላሁ፤ በያንዳንዱ ላይ ስም ለጠፍኩ። መደርደሪያ ላይ ሳሰልፋቸው ዓይን የሚሞላ ነገር ነበር። ወረቀቱን የዚያን ሳምንት ማክሰኞ የቆሻሻ መኪና ወሰደው።

አዎ፣ ወረቀቱ ላይ ጽሑፍ ነበረበት። አንብቤዋለሁ። «ውሻው ያባረረን አጥር ሥር።» «ሦስት ድንጋይ፣ በስተግራ።» «እትዬ ጫማዋን የረገመችበት ቁልቁለት።» እስቲ አንተው ፍረድ፤ ይህን ማን መዝገብ ይለዋል? እኔ እንደ ልማድህ ስትቀልድብኝ መሰለኝ። እንዲያውም ስለ ጫማዬ የጻፍከውን ሳነብ ተናድጄ ነው ጨምድጄ የጣልኩት። መዝገብ የሚይዝ ሰው ቦታውን በስሙ ይጽፋል፣ ቀን ይጽፋል፣ ይፈርማል። አንተ ግን የሚያነበው ሰው ሁሉ አብሮህ የነበረ ይመስልሃል።

ከአራት ሳምንት በፊት አስተማሪዋ በስብሰባ ላይ «እትዬ፣ የዘር ጥቅሎቹን አምጪልንና ሰንጠረዡን እንሙላ» አለች። ሰባቱን ብልቃጥ በትሪ ደርድሬ ገባሁ፤ ከክፍሏ አንደኛ እንደወጣች ልጅ አንገቴን አቅንቼ። ጭብጨባ ነበር የጠበቅኩት። አስተማሪዋ አንዱን አነሳች፤ አንተ ጢሞ ያልከውን፣ ራሱ ላይ ነጭ ጢም ያለውን ሣር።

«ይሄ ከየት የተለቀመው ነው?»

«ከጥቅሎቹ ነዋ።»

«ከስንት ጥቅል?»

«ከዘጠኝ ይሁን ከአሥር።»

«ሁሉንም አንድ ላይ?»

«አንድ ዓይነት አይደል እንዴ?»

ብልቃጡን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። እንደምታውቃት ስትናደድ ነው ቀስ የምትለው። ከረግረግ የተለቀመ ጢሞ ደረቅ ዳገት ላይ ሥር አይዝም አለች። ከሰው አጥር የተለቀመ ደግሞ ግቢው ውስጥ ከተዘራ ከተገዛ ሣር ጋር የተዳቀለ ሊሆን ይችላል። መልኩ አንድ ነው፣ ውስጡ ለየቅል። ለዚህ ነው ማዘጋጃ ቤቱ እያንዳንዱ ፍሬ ከየት እንደመጣ የሚጠይቀው።

ያን ጊዜ ትሪውን ወደ ራሴ ሳብኩ። ምክንያቱም ገባኝ። እኔ መጋዘን ውስጥ ሁለት የተለያየ የምርት ቁጥር ያለውን ኪኒን አንድ ብልቃጥ ውስጥ የጨመረ ሠራተኛ ቢኖረኝ በዚያኑ ቀን አሰናብተው ነበር። አንዱን አሰናብቼዋለሁም። «አንድ ዓይነት ኪኒን አይደል እንዴ?» ነበር ያለኝ እሱም።

«የቦታው ጽሑፍስ የት አለ?» አለች አስተማሪዋ።

አፌ ከኔ ቀደመ። «ወንድሜ ይዞት ሄዷል» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያናደደኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ያመኑኝበት ፍጥነት። አንድ ሰው እንኳ «እሱ እንዲህ አያደርግም» አላለም።

«እኔስ ብዬ ነበር!» አለ ባቡሩ፣ ምንም ብሎ አያውቅም። «ያን ቀን ሻንጣው ሲከብድ አይቻለሁ። እዚያ ላሉት ምሁራን አስረክቦ ስም ሊያገኝበት ነው!»

«መቼም የሚጎዳህ የምታውቀው ሰው ነው» አለ ጥርስ ሐኪሙ። እሱ እንኳን አንተን፣ የተክሎቹን ስም አያውቅም።

አስተማሪዋ ደብተሯን ከፍታ ነጥብ አንድ ብላ ጻፈች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በተገናኘን ቁጥር አንተን አነሱ፣ አንተን ጣሉ። ቤቴ ተቀምጠው፣ ሻይ እየጠጡ ወንድሜን ሌባ አሉት፤ እኔ ደግሞ ስኳር አቀብላለሁ። ልናገር እልና፣ መጀመሪያ ቀን ያልተናገሩት ነገር በሁለተኛው ቀን እጥፍ ይከብዳል፣ በሦስተኛው አይነሳም። ያን ጊዜ ነው የደወልኩልህ። ቦታዎቹን አንድ በአንድ ብትነግረኝ ማንም ሳያውቅ ሰንጠረዡን ሞልቼ እገላገላለሁ ብዬ ነበር። አንተ ግን ስብሰባ ላይ ነበርክ።

ጥርስ ሐኪሙ አንድ ቀን በር ላይ ነጠል አድርጎ «እትዬ፣ ለምን ራስሽን ታስጨንቂያለሽ? ቦታ ፈልስፊ» አለኝ። «ማን ዳገት ወጥቶ ያጣራል? እኔ ስንቱን ጥርስ ‹ደህና ነው› ብዬ ሸኝቻለሁ።» የላይኛው መንጋጋዬን እንዳየልኝ ትዝ አለኝና ደነገጥኩ፤ ግን ምክሩን ወሰድኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ወሰድኩት።

ባለፈው ሰኞ ከምሳ በኋላ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ባዶውን ሰንጠረዥ ዘርግቼ ልፈለስፍ ተቀመጥኩ። ውሸት መጻፍ ከባድ አይደለም፤ ቢሮ ውስጥ ያረጀ ሁሉ ያውቅበታል። የኔ እጅ ግን እምቢ አለ። «አጥር ሥር» ብዬ ስጽፍ ያ ውሻ መጣብኝ። ውሻው ሲመጣ አንተ «እትዬ አትሩጪ! ከሮጥሽ ይከተልሻል!» እያልክ ራስህ ሮጠህ ግንብ ላይ መውጣትህ መጣብኝ። ቀሚሴ ተቀዶ ነበር። «ቁልቁለት» ስል ያ ተረከዙ የተነቀለ ጫማዬ፤ በባዶ እግር ይዘኸኝ ወርደህ፣ መንገድ ላይ ቆመህ የሣር ጢም ስትለቅም እኔ ሰማይና ምድሩን ስረግም። እያጉረመረምኩ ቦርሳህን ተሸክሜ ከኋላህ የሄድኩት እኔ ነበርኩ እኮ። ቀና ብል መሽቷል፤ ከስልሳ አራቱ አሥራ ዘጠኙን ጽፌያለሁ፣ አንድም የፈለሰፍኩት የለበትም።

ብልቃጥ ውስጥ የተደባለቀውን ግን ይህ አይለየውም። ያለቀለት ነው። የስድስቱ ዘር ወቅት አልፏል፣ ረግፈዋል። ጢሞ ብቻ ገና አሁን ይበስላል፤ ከጢሞ ደግሞ አራት ቦታ አስታውሻለሁ። እንደገና ሄጄ ልለቅም አሰብኩ። ብቻዬን መሄድ አልችልም፤ ለቃሚ ሁለት ምስክር ይኑረው የሚል ደንብ አለ። ማን እንዳወጣው አልነግርህም፣ በመስተዋት ፈልገው።

ማክሰኞ ጠዋት ባቡሩንና አስተማሪዋን ይዤ ወጣሁ። ቦታዎቹ ትዝ አሉኝ ብቻ አልኳቸው። የመጀመሪያው ቦታ መኪና ማጠቢያ ሆኗል። ሁለተኛው፣ ረግረጉ፣ ደርቆ ጡብ ተቆልሎበታል። ባቡሩ ጉልበቱን ያመዋል፤ በየሃያ እርምጃው ይቆማል፣ በቆመ ቁጥር ደግሞ አንተን ይሰድባል። ትንፋሹ ለመውጣት አይበቃም፣ ለስድብ ግን ተርፎታል። ቁልቁለቱ አናት ላይ ስንደርስ ድንጋይ ላይ እጁን አሳርፎ፣

«እና ሌባው ወንድምሽ እዚህም ለቅሟል?» አለ።

«ወንድሜ ሌባ አይደለም።»

«ተይው እህቴ፤ ደም ስለሆነብሽ ነው።»

«ደም አይደለም። ጥቅሎቹን የጣልኳቸው እኔ ነኝ። አራግፌ ብልቃጥ ውስጥ የጨመርኩት እኔ፣ ወረቀቱን ለቆሻሻ መኪና የሰጠሁት እኔ። እሱ ምንም አልወሰደም።»

ባቡሩ ዞር ብሎ አየኝ። «ደግመሽ በይው።»

«አልደግምም። ሰምተሃል።»

«ሦስት ሳምንት!» አለች አስተማሪዋ። «ዘጠኝ ነጥብ ጻፍኩ እኮ! ልኬዋለሁ እኮ!»

«አውቃለሁ። ስድስተኛው ትንሽ በዝቷል።»

«እውነት መስሎኝ ነዋ!»

«እኔ ያን ሁሉ ስሰድበው» አለ ባቡሩ፣ ድምፁ እየወጣ፣ «አንቺ ሻዬ ላይ ስኳር ስትጨምሪ ነበር!»

«ሁለት ማንኪያ ነው የምትወደው።»

ይመታኛል ብዬ ነበር። ድንጋዩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ፤ ባቡሩ ሳይሳደብ ሲቀመጥ አይቼ ስለማላውቅ የታመመ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ታች ወደ ከተማው እያየ፣ አንድ ጊዜ እንቅልፍ ጥሎት ጣቢያ አልፎ እንደነበር ነገረን። «ፍሬኑ ነው ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። መካኒኩ ከደረጃው ዝቅ ተደረገ። በየቀኑ ሰላም እንባባል ነበር።» አስተማሪዋ «ከዚያስ?» አለችው። «ከዚያማ ጡረታ ወጣሁ» አለ። ያን ቀን አንተን ዳግመኛ አልሰደበም።

ጢሞን ከድንጋዩ በታች አገኘነው፤ ሰፍቶ፣ ጢሙን አንጠልጥሎ። ከሦስት እጅ አንዱን ብቻ ለቀምን፣ እንደ ደንቡ። አጥሩ ሥርም አለ፤ ግቢው አሁን ሲሚንቶ ሆኗል፣ የሚዳቀለው የተገዛ ሣር የለም። ውሻው ያ አይደለም፣ የታሰረ ሌላ ነው፤ ጩኸቱ ግን የዘር ነው መሰለኝ ያው ነው። አስተማሪዋ በስልኳ የቦታውን ቁጥር አውጥታ ጥቅሎቹ ላይ በጥንቃቄ ጻፈች። እኔ ከቁጥሩ ሥር «ባቡሩ የተቀመጠበት ድንጋይ» ብዬ ጨመርኩ። መዝገብ አበላሸሽ ብላ ተቆጣችኝ። አልሰረዝኩትም።

ሐሙስ ባለሙያዋ መጣች። ጎማ ጫማ ያደረገች፣ ፈጣን፣ ልጅ እግር ሴት። «እማማ» ብላ ጠራችኝ። አልመለስኩም። ሁለተኛ «እማማ» አለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የእናቷ ታናሽ ልሆን እችላለሁ። «ምን ፈለግሽ?» አልኳት። ወደ ሰባቱ ብልቃጥ በጣቷ አመለከተች።

«የነዚህ ምንጭ የት ነው?»

ጥርስ ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ኪሱ እጁን ሲሰድ አየሁት። የራሱን ዝርዝር ፈልስፎ መጥቷል ለካ። «አትድከም» አልኩትና ለሴትዮዋ ሁሉንም ነገርኳት፤ ካርቶኑን፣ ነቀዙን፣ ማርማላታውን። ሳትቆጣ አዳመጠችኝ፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሰባቱም ላይ «ምንጩ ያልታወቀ» ብላ ጻፈች። ያ ሁሉ ልቅምህ በሁለት ቃል አለቀ። ከዚያ ሁለቱን ጥቅል አነሳች፣ ቁጥሩን በስልኳ አየች፣ ከቁጥሩ ሥር ያለውን አነበበች፤ ቀና ብላ ባቡሩን አየችው። ባቡሩ መሬት መሬት አየ።

ውሳኔው ይኸው ነው። የዳገቱ ታችኛው ክፍል ለአንድ ዓመት ለኛ፣ ጢሞ ብቻ እንድንዘራበት። የላይኛው ለአበባ ሻጩ። ፏፏቴው ከላይ ይሆናል ማለት ነው፤ ውኃው እኛ ላይ ይወርዳል፣ የሣሩም ዘር አብሮት። አሁን ደግሞ የእድሜዬን ቅዳሜ ሁሉ የሱን ሣር ስነቅል እኖራለሁ። እንኳን ደስ ያለህ።

ብልቃጦቹን እጥላቸዋለሁ ስል ባቡሩ አስጣለኝ። «ለሰው ጓሮ እናድለው፤ ጓሮ የአባት ስም አይጠይቅም» አለ። ትናንት ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመን ለሚገባ ለሚወጣው በወረቀት እየጠቀለልን አደልን። አንዲት ሴት ለጨጓራ ይሆናል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የማርማላታ ብልቃጦቼ ተመልሰውልኛል።

አሁን የምጽፍልህ ዋናው ነገር ይህ ነው። ባለሙያዋ ስትጨርስ ውሉን ዘርግታ «የማኅበሩን ማኅተም እዚህ ላይ አድርጉልኝ» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ወንድሜ ይዞት ሄዷል» አልኩ።

በዚህኛው ጊዜ እውነት ነበር። ማንም አላመነኝም።

«ደግሞ ጀመረች!» አለ ባቡሩ። «ሴትዮ፣ አልጋው ሥር ፈልጊ!»

«ለቆሻሻ መኪና ሰጥተሽው እንዳይሆን» አለች አስተማሪዋ።

ማልኩ፣ ተገዘትኩ። ያዳነኝ ጥርስ ሐኪሙ ነው፣ ፎቶ ስለሚወድ። ባለፈው ወር ለማኅበሩ የምሥረታ ቀን ብለህ በስልክ ግሩፑ ላይ የላክኸውን ፎቶ አወጣና አሰፋው። አንተ ፊት ለፊት ትስቃለህ፤ ከኋላህ መደርደሪያ አለ፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ እጀታው በአረንጓዴ ፕላስተር የተጠቀለለው ማኅተማችን ወረቀት ተጭኖ ተቀምጧል። «ያውና!» አለ ባቡሩ፣ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ። ሦስቱም ስልኩ ላይ ተደፍተው ማኅተሙን አዩ። እኔም አየሁ። እኔ ግን መነጽሬን አድርጌ ስለነበር ትንሽ ቆየት ብዬ አየሁ።

ባለሙያዋ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጠችን። ካለፈ ታችኛውም ክፍል ይሄዳል። አዲስ ማኅተም ማስቀረጽ አይቻልም፤ አሮጌው ካልተመለሰ ወይ ጠፋ ተብሎ ለፖሊስ ካልተነገረ አይሆንም አሉ። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ሌባ አስብዬሃለሁ፤ ሁለተኛ አላደርገውም።

ስለዚህ ማኅተሙን በአደራ ደብዳቤ ላከው። ይህን ደብዳቤ አንብበህ እንደጨረስክ ተነስተህ ላከው። «ዝናቡ ሳይገባ ይዤው እመጣለሁ» አትበለኝ። እንዲህ ካልከኝ እኔ እጠብቃለሁ፤ ታውቀኛለህ፣ እጠብቃለሁ። ዳገቱ ግን አይጠብቅም። ከማኅተሙ ጋር የሊቀመንበርነትህን መልቀቂያ አንድ ገጽ ጽፈህ ጨምር። «በኔ ምትክ ማን ሊሆን ነው?» ብለህ አትጨነቅ። ትናንት መርጠውኛል። ሌላው እጩ ጥርስ ሐኪሙ ነበር፤ እሱም ድምፁን የሰጠው ለኔ ነው። መጀመሪያ ያስወሰንኩት ነገር ዘር የሚለቅም ሁሉ ቀንና ፊርማ እንዲያኖር ነው፤ ቀልድ መጨመር የሚፈልግ ከሥር ይጨምር ብያለሁ።

አስተማሪዋ ይቅርታ የሚል ሌላ ደብዳቤ እየጻፈችልህ ነው። አራተኛው ነጥብ ላይ ደርሳለች።

የያዝከው ይጽናልህ። የዘራኸው ይያዝልህ። የምትኖርበትን ቤት ክፉ አይግባው፤ የሚወጣው የሚገባው እግር ሁሉ ጤና ይሁን።

እህትህ

ይህን ከፈረምኩ በኋላ ልተወው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። መደርደሪያው ላይ፣ ከማኅተሙ አጠገብ ያለውን ትንሽ ቀይ ጫማ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። የማን ነው ብዬም አልጠይቅህም፤ ስትፈልግ ትነግረኛለህ። ግን ጫፉ ተገፍቶ ወጥቷል። እግሩን ጠቦታል ማለት ነው፣ እናንተ አላስተዋላችሁም። እግሩን ወረቀት ላይ አስቁመህ ዙሪያውን በእርሳስ አስምርና ከማኅተሙ ጋር ላክልኝ። እዚህ ጎበዝ ጫማ ሰሪ አለ። አታዘግየው፤ የልጅ እግር ወር አይጠብቅም።